የበትሩ ልክ፤ የዶክተር ሪቻርድ ሁቨር ሕይወትና ሥራ

በሐዋሳ ከተማ መናኸሪያ ከአውቶቡስ የሚወርድ ዐይነ ስውር መንገደኛ የመጀመሪያ እርምጃውን ከማንሣቱ በፊት ብዙ ነገር ማወቅ ይኖርበታል። ከተማይቱ ሜዳማ በመሆኗ ዳገትና ቁልቁለት አያስቸግረውም። ዳሩ ግን ሚኒባስ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሆናል፤ ባጃጅ በሰው መካከል ይሽሎከሎካል፤ ጆንያና ሻንጣ በመተላለፊያው ላይ ተከምሯል፤ ክዳኑ የተነሣ የጎርፍ መውረጃ ቦይም ሊያጋጥመው ይችላል። ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ዲላና ወደ ወላይታ ሶዶ የሚጣሩት የረዳቶች ድምፆች አቅጣጫ ለመለየት ይረዱታል። ከእግሩ ፊት አንድ ሜትር ርቆ ያለውን ግን ጆሮው አይነግረውም። ይህን ሊነግረው የሚችለው በእጁ የያዘው በትር ነው፤ እርሱም ልኩ በአግባቡ የተመረጠ እንደ ሆነ ነው።

በአገራችን አብዛኛው ዐይነ ስውር የሚይዘው ከዘራ ወይም ምርኩዝ ለመደገፊያ የተቆረጠ እንጨት ነው። ለመደገፊያ የተቆረጠ እንጨትና መንገድን ለመመርመር የተሠራ በትር ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች መሆናቸው ዛሬ ግልጽ ይመስላል። ይህ ልዩነት ተለይቶ የታወቀውና ወደ ሥርዓት የገባው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፤ በዚህም ሥራ ስማቸው በቅድሚያ የሚነሣው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሁቨር ናቸው።

ሁቨር የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። በወጣትነታቸው በሜሪላንድ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት መምህር ሆነው አገልግለዋል። በዚያ ዘመን የዐይነ ስውራን ትምህርት በአብዛኛው ያተኮረው በብሬል ንባብ፣ በሙዚቃና በእጅ ሥራ ላይ ነበር። ከግቢ ወጥቶ መንገድ ተሻግሮ ለብቻ ደርሶ መመለስ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አይቆጠርም ነበር። አንባቢና ባለሙያ ሆኖ የወጣ ሰው በአደባባይ ግን የሰው ክንድ ጠባቂ ይሆናል። ሁቨር ከዚህ ትምህርት ቤት ይዘውት የወጡት ልምድ ኋላ ላይ ለሠሩት ሥራ መሠረት ሆኗቸዋል።

ነጭ በትር እንደ ሆነ ከሁቨር በፊትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ጄምስ ቢግስ የተባለ፣ በአደጋ ዐይኑን ያጣ ፎቶግራፍ አንሺ፣ በቤቱ አካባቢ የሚመላለሰው የተሽከርካሪ ብዛት ቢያሰጋው ከዘራውን ነጭ ቀለም ቀባው። እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ የፒዮሪያ ከተማ የላየንስ ክበብ ባሳሰበው መሠረት ነጭ በትር ለያዘ ሰው ተሽከርካሪ ቅድሚያ እንዲሰጥ ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ ጊዪ ደርብሞን የተባሉት ፈረንሳዊት እመቤት በፓሪስ ነጭ በትሮችን ማደል ጀመሩ። እነዚህ ሁሉ በጎ ሥራዎች ናቸው፤ የብዙ ሰው ሕይወት እንዳተረፉም አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ የቢግስም ሆነ የፓሪሱ በትር የሚናገረው ለሾፌሩ ነበር። ለያዘው ሰው የሚነግረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ርዝመቱም ክብደቱም ያው የሽማግሌ ከዘራ ነውና። ቀለም ምልክት ነው፤ ምልክት ደግሞ ቦይ አያሳይም።

ጦርነቱ አያሌ ወጣቶችን ዐይነ ስውር አደረገ። የአሜሪካ ጦር ኃይል ዐይናቸውን ያጡ ቁስለኞችን ከሚያሰባስብባቸው ስፍራዎች አንዱ በፔንሲልቫንያ የሚገኘው የቫሊ ፎርጅ ጠቅላላ ሆስፒታል ነበር። ሁቨር ለውትድርና ተጠርተው እ.ኤ.አ. በ1944 በዚሁ ሆስፒታል ተመደቡ። ከሜሪላንድ ትምህርት ቤት ያውቋቸው የነበሩት ዋረን ብሌድሶም በዚህ ሥራ ተባባሪያቸው ሆኑ። ቁስለኞቹ ትላንት በገዛ እግራቸው ሲሮጡ የነበሩ የሃያና የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሶች ናቸው። በትር ያዙ ቢባሉ ብዙዎቹ እንቢ አሉ። በትር ለእነርሱ የልመናና የአቅመ ቢስነት ምልክት ነበር፤ ይህ ስሜት በእኛም አገር እንግዳ አይደለም። መሪ ሲሰጣቸው ተቆጡ፤ ያለ መሪ ሲሄዱም ከበርና ከግድግዳ ተላተሙ።

ሁቨር መፍትሔውን የፈለጉት በመራመድ ነው። ዐይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ በትር ይዘው፣ በሆስፒታሉ መተላለፊያዎችና ደረጃዎች ተመላለሱ። አጭር በትር አደጋውን የሚያገኘው እግር ከደረሰበት በኋላ መሆኑን በዚህ ሙከራ መረመሩ። ከዚህም የሚከተለው ደንብ ወጣ፦ በትሩ ቀላልና ከመደበኛው የረዘመ ይሁን፤ እጅ በወገብ ትይዩ በሰውነት መካከል ይያዘው፤ ጫፉ ከትከሻ ስፋት ጥቂት የሚበልጥ ቅስት እየሠራ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለስ፤ ቀኝ እግር ሲነሣ ጫፉ በስተ ግራ፣ ግራ እግር ሲነሣ በስተ ቀኝ መሬት ይንካ። የዚህ አለማመድ ምስጢሩ በመጨረሻው ሐረግ ውስጥ ነው። በትሩ አሁን የሚነካው ስፍራ ቀጥሎ የሚነሣው እግር የሚያርፍበት ስፍራ ነው። እግር ሁልጊዜ የሚረግጠው አስቀድሞ የተመረመረ መሬት ነው ማለት ነው።

ጉዳዩን በቁጥር መመልከት ለሙያ ባልደረቦች ይቀላል። እጅ ከመሬት 85 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይያዝ እንበል። ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከዘራ ጫፉ ከእጅ ፊት ከ30 ሳንቲ ሜትር አይርቅም። ርዝመቱ 130 ሳንቲ ሜትር የሆነ በትር ግን ወደ 98 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በሴኮንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው በመጀመሪያው ሩብ ሴኮንድ፣ በሁለተኛው 0.8 ሴኮንድ ያህል የማሰቢያና የመቆሚያ ጊዜ ያገኛል። በሩብ ሴኮንድ ውስጥ ሰው ስሜቱን ተረድቶ የተነሣ እግሩን ሊገታ አይችልም። የመንገድ መሐንዲስ ለአሽከርካሪ የሚያሰላው፣ እንቅፋት አይቶ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት፣ በዐይነ ስውሩ እጅ ያለው የበትር ርዝመት ሆኖ ይገኛል። ሁቨር ለመነሻ የያዙት ልክ፣ በትሩ ቆሞ ሲለካ ከመሬት እስከ ደረት አጥንት የሚደርስ ነው፤ እርምጃው ረጅም ለሆነ ሰው ይጨመራል።

ርዝመት ሲጨምር ክብደት ይከተላል፤ የዚህን ዋጋ የሚከፍለው የእጅ አንጓ ነው። አንድ እርምጃ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከላይ በተጠቀሰው ፍጥነት የሚሄድ ሰው በትሩን በሰዓት 6,000 ጊዜ ያህል ያወዛውዛል። ጫፉ የከበደ በትር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምቹ ቢመስልም ገበያ ሳይደርስ ያደክማል። ስለዚህ ወፍራም የባሕር ዛፍ ዱላ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ክፍት ቱቦ የሆነ አሉሚኒየም፣ ኋላም ፋይበርግላስና ካርቦን ፋይበር የተመረጡት ቀላልና ግትር ስለሆኑና የመሬቱን ንዝረት እስከ መዳፍ ስለሚያደርሱ ነው። በሲዳማ ደጋ የሚበቅለው ቀርከሃ በጠባዩ ለእነዚህ ይቀርባል፤ ውስጡ ክፍት ነው፤ ክብደቱም አነስተኛ ነው። የሚያሳስበው በበጋ መሰንጠቁ ነውና ጫፉን በብረት ቀለበት ማሰር ያስፈልጋል።

ወደ መናኸሪያው ስንመለስ የምርጫው ጭንቅ ይበልጥ ይታያል። ወጥ የሆነ በትር መገጣጠሚያ ስለሌለው የአስፋልትን፣ የኮብልስቶንንና የጭቃን ልዩነት አጥርቶ ያሳውቃል፤ ይሁንና በሞላ ሚኒባስ ውስጥ ማስቀመጫ የለውም። ታጣፊው ከጉልበት ላይ ይቀመጣል፤ ነገር ግን መገጣጠሚያው ሲላላ ስሜቱ ይደበዝዛል፤ ውስጡ ያለው የላስቲክ ገመድ ከተበጠሰም መንገደኛው በማያውቀው ከተማ መካከል ባዶ እጁን ይቀራል። በየቀኑ በአንድ ሰፈር ለሚመላለስ ሰው ወጡ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ለሚጓዝ ታጣፊው ይሻላል ማለት ይቻላል። ጫፉም እንደዚሁ ነው። ቀጭን ጫፍ በለስላሳ ንጣፍ ላይ ጥሩ ቢሆንም በኮብልስቶን ስንጥቅ ውስጥ እየተሰካ እጀታውን ወደ ሆድ ይመልሰዋል፤ እንደዚህ ባለ መንገድ ላይ ወፍራም ወይም የሚሽከረከር ጫፍ ተመራጭ ነው። አንድ ጉድለት ግን በማናቸውም ምርጫ አይወገድም። በትር ከወገብ በላይ ያለውን አያገኝም። የአውቶቡሱን ጎማ ያገኘ በትር በፊት ትይዩ የተንጠለጠለውን የጎን መስታወት አያገኘውም፤ ይህን መጠንቀቅ የልምምድና የመናኸሪያ አሠራር ጉዳይ ነው።

ከቫሊ ፎርጅ ተሐድሶ አግኝተው ከወጡት አንዱ በፈረንሳይ ግንባር የቆሰሉት ራስል ዊልያምስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 በቺካጎ አቅራቢያ በሃይንስ ሆስፒታል የዐይነ ስውራን ተሐድሶ ማዕከል ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ፤ የሁቨርንም ዘዴ ለአሠልጣኞች ሁሉ የሚተላለፍ ትምህርት አደረጉት። ሁቨር ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1950 በታተመ አንድ የጥናት መድበል ውስጥ በትርን እንደ መጓጓዣ መርጃ የሚመለከት ምዕራፍ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1960 የቦስተን ኮሌጅ ለዚህ ሙያ አሠልጣኞችን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማስተማር ጀመረ። በአንድ ሆስፒታል መተላለፊያ የተሞከረ ነገር በዐሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ሙያ ሆነ።

ሁሉም ግን በሁቨር ልክ አልተስማማም። በተለይ በአሜሪካ ብሔራዊ የዐይነ ስውራን ፌዴሬሽን ውስጥ የተሰባሰቡ ዐይነ ስውራን እስከ አገጭና እስከ አፍንጫ የሚደርስ፣ እጅግ ቀላል በትር መረጡ። ምክንያታቸው ፈጥኖ የሚሄድ ሰው አርቆ መመርመር አለበት የሚል ነው። ስሌቱም ይደግፋቸዋል፤ 130 ሳንቲ ሜትር የነበረው በትር 145 ቢሆን ጫፉ ከ98 ወደ 117 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ረጅሙ በትር ግን በሰው በተጨናነቀ ስፍራ የሰው እግር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጥያቄው ማን ትክክል ነው የሚለው አይደለም። ያው ሰው በሐዋሳ ሰፊ ጎዳና ላይ ረጅሙን ቢመርጥ፣ በመናኸሪያው በር ላይ ግን እጀታውን ዝቅ አድርጎ በትሩን ወደ ራሱ ሰብሰብ ማድረግ አለበት። ሁቨር ያስቀመጡት ልክ ከመነሻነት አያልፍም፤ የመጨረሻው ዳኛ የተጓዡ እጅ ነው።

በአገራችን ጉዳዩ ከበትር አልፎ ልጅንም የሚነካ ነው። ዐይነ ስውር አባት ወይም አያት መሪ ያስፈልገዋልና፣ ከቤተሰቡ አንድ ሕፃን የበትሩን ሌላ ጫፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል። ያ ሕፃን በትምህርት ሰዓት መናኸሪያ ውስጥ ነው። በአግባቡ የተመረጠ በትርና የጥቂት ወራት ልምምድ ሁለት ሰዎችን ነጻ ያወጣሉ፤ ስለ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። የኢትዮጵያ ዐይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 ተቋቁሟል፤ በሰበታና በሌሎችም ስፍራዎች ትምህርት ቤቶች አሉ። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ ለማኅበሩ አባላት በቀጥታ የተነገረ ሥራ ነው፤ ልኩ የተመረጠ በትር ያልተከደነን ቦይ ያሳውቃል እንጂ አይከድነውም።

ሁቨር ከጦርነቱ በኋላ ወደ መምህርነት አልተመለሱም። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው የዐይን ሐኪም ሆኑ፤ በባልቲሞር አካባቢም ሠሩ። በትር አስይዘው ሰዎችን ያራመዱ ሰው ሰዎች በትር እንዳያስፈልጋቸው ወደሚደረግበት ሙያ መግባታቸው የሚያስደንቅ ቢመስልም፣ ሁለቱ አንድ መንገድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዐይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያበቃው የዐይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። የዐይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚመለስ ስለሆነ፣ በመናኸሪያ በትር ይዘው ከሚታዩት አንዳንዶቹ በቅድሚያ የሚያስፈልጋቸው ሐኪም ነው። ሁቨር ሐኪም ከሆኑ በኋላ፣ ጨርሶ ባይታወሩም በመነጽር ሊረዱ ላልቻሉ፣ የማየት አቅማቸው ለደከመ ሰዎች ልዩ ትኩረት ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሲያርፉ በባልቲሞር አካባቢ ይህንኑ ሥራ ትተው አለፉ፤ በዚያ በሚገኝ አንድ የሕክምና ማዕከል ውስጥም ለእነዚህ ሕሙማን የተቋቋመው አገልግሎት በስማቸው ተሰይሟል።