ካሞንጎን ፍለጋ የመጡት ፕሮፌሰር

በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ኩላሊት ስንማር፣ ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም እንደሚያጣሩ መጽሐፉ ይነግረናል። ሰው በቀን የሚሸናው ግን አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው፤ ሌላው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ውሃ በጀሪካን እየተለካ በሚቀዳበት በዋልዳ 180 ሊትር ማለት ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ታዲያ በሕይወት ያለ ሰው ሆዱ ሳይከፈት ይህ እንዴት ተለካ? መልሱ ሲፈለግ ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሳው ሰዎች አንዱ ፕሮፌሰር ሆመር ዊልያም ስሚዝ ናቸው። እኚህ ሰው ለጥናታቸው እስከዚሁ እስከ ኬንያ ድረስ መጥተው ነበር።

ስሚዝ በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ተወለዱ። ያደጉት ክሪፕል ክሪክ በምትባል የወርቅ ማዕድን ማውጫ ከተማ ነው። በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ በ1921 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በሃርቫርድና በቨርጂኒያም ሠርተው በ1928 ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም እዚያው አስተማሩ።

በበጋ ወራት ግን ሜይን በምትባለው ግዛት፣ በአትላንቲክ ዳርቻ ወደሚገኝ የባሕር እንስሳት ቤተ ሙከራ ይሄዱ ነበር። የኩላሊት ተመራማሪ ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው? ኩላሊት በመጀመሪያ ደሙን ያጣራል፤ ከዚያም ጥቃቅን ቱቦዎቹ ከተጣራው ፈሳሽ የሚጠቅመውን ይመልሳሉ፣ ሌላም ነገር ይጨምሩበታል። በሰው ኩላሊት ሁለቱ ሥራዎች ተቀላቅለው ስለሚገኙ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። በባሕር ውስጥ ግን ኩላሊታቸው ቱቦ ብቻ ያለው፣ ማጣሪያ የሌለው ዓሦች አሉ። ማርሻል የተባሉ ሌላ ተመራማሪ እነዚህም ዓሦች ሽንት እንደሚሠሩ አሳዩ። ቱቦው ራሱ ቆሻሻን ከደም ወስዶ ወደ ሽንት እንደሚጨምር በዚህ ታወቀ።

ስሚዝ በ1928 ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የመጡት ሌላ ዓሣ ፈልገው ነው። ሉዎዎች ካሞንጎ ይሉታል፤ ሳንባ ያለው ዓሣ ነው። በሳይንስ ስሙ ፕሮቶፕቴረስ ኤቲዮፒከስ ይባላል። ስሙን ስንሰማ ደስ ቢለንም፣ ስም አውጪው በ1851 ይህን ያሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ምድር ሁሉ በጥንቱ ልማድ ኢትዮጵያ ብለው እንጂ ዓሣው ከእኛ አገር ስለመጣ አይመስልም።

ካሞንጎ አየር ለመሳብ ብቅ እንዳይል ከተከለከለ ውሃ ውስጥ ሰምጦ ይሞታል። ውሃው ሲደርቅ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ከሰውነቱ በሚወጣ ልጋግ ተጠቅልሎ ለወራት ሊተኛ ይችላል። ስሚዝ ዓሦቹን በሕይወታቸው ወደ ኒውዮርክ ወስደው ተከታተሏቸው። ዓሣው ውሃ ውስጥ እያለ ቆሻሻውን በአብዛኛው በአሞኒያ መልክ ያስወግዳል። ጭቃ ውስጥ ሲተኛ ግን አሞኒያው መርዝ ስለሚሆንበት ወደ ዩሪያ ይለውጠውና በሰውነቱ ያከማቸዋል። የራሱን ሥጋ በጥቂት በጥቂቱ እየበላ ይኖራል፤ ሽንት ጨርሶ አይሸናም። ውሃ ሲመለስ የተከማቸውን ያስወጣል። ሰው ሽንቱ ጨርሶ ከቆመና ሕክምና ካላገኘ ግን ወራት ቀርቶ ብዙ ሳምንታትም አይቆይም፤ በዚያን ዘመን ደግሞ ኩላሊትን የሚተካ መሣሪያ ገና አልነበረም። ካሞንጎ በሚል ርእስ በ1932 ያሳተሙት ልብ ወለድ ብዙ አንባቢ አግኝቷል።

180 ሊትሩ የተለካው ኢኑሊን በሚባል ነገር ነው። ኢኑሊን እንደ ዳሊያ ካሉ ተክሎች ሥር ይገኛል፤ ደም ውስጥ ሲገባ ይጣራል እንጂ ቱቦዎቹ አይመልሱትም፣ አይጨምሩበትምም። ስለዚህ በደምና በሽንት ያለውን መጠን ለክቶ የማጣሪያውን ፍጥነት ማስላት ይቻላል። ሌሎች ተመራማሪዎችም በዚያው ሰሞን እዚሁ መንገድ ላይ ነበሩ። የስሚዝ ባልደረባ ጄምስ ሻነን በ1934 በትናንሽ ሻርኮች፣ ቀጥሎም በውሻ ሞከሩት፤ በ1935 ከስሚዝ ጋር በሰው ላይ ለኩት። በጤነኛ ጎልማሳ ውጤቱ በደቂቃ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ሆነ። ዛሬ ሐኪም በደም ውስጥ ክሪያቲኒን አስለክቶ ኩላሊት ምን ያህል እንደደከመ ሲገምት፣ ግምቱ የሚመሳከረው ከዚህ ዓይነቱ ልኬት ጋር ነው።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማደንቅላቸው በ1956 ያሳተሙትን ጽሑፍ ነው። ጎልድብላት የተባሉ ሐኪም በ1934 የውሻን የኩላሊት ደም ሥር በማጥበብ የደም ግፊት እንደሚመጣ አሳይተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ግፊት ያለባቸውን ሰዎች አንድ ኩላሊት ቆርጠው ማውጣት ጀመሩ። ስሚዝ የታተሙትን የሕሙማን ታሪኮች ሰብስበው ቆጠሩ፤ የዳኑት ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ኩላሊታቸውን ያጡት ያለ ጥቅም ነው። የውሻው ሙከራ ትክክል ነበር፤ ስህተቱ የሰው ግፊት ሁሉ ከዚያ አንድ ምክንያት ይመጣል ብሎ መቸኮሉ ላይ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በእንስሳት የተመራመሩ ሰው ይህን መቁጠራቸው ቀላል ነገር አይደለም። እርሳቸውም ቢሆኑ አልፎ አልፎ ቸኩለዋል፦ የኩላሊት ማጣሪያ መጀመሪያ የተፈጠረው በጨዋማ ባሕር ሳይሆን በወንዝ ውሃ ነው ያሉትን ብዙ የኋላ ሊቃውንት አልተቀበሉትም።

ፕሮፌሰር ስሚዝ በ1962 በኒውዮርክ አረፉ። ሰው ኔፍሮን የሚባሉትን የኩላሊት ክፍሎች ይዞ ይወለዳል፤ የቱቦው ሕዋሳት ሲጎዱ ሊያገግሙ ይችላሉ፣ የሞተ ኔፍሮን ግን አይተካም። በ2003 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ስኬት የሚባለው ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ከኩላሊቱ ከፊሉ ተቆርጦ ሲወጣ አዳዲስ ኔፍሮኖችን ያበቅላል። ስሚዝ በጋውን ያሳልፉበት በነበረው የሜይን ቤተ ሙከራም የኩላሊት ሕዋሳት እንዴት እንደገና እንደሚያድጉ በዓሦች ላይ መጠናቱ ቀጥሏል።