አባቱን ያረመው የአራት ዓመት ልጅ

ኩባ ሲባል ለታላላቆቻችን ቶሎ ትዝ የሚላቸው የኦጋዴን ጦርነትና እዚያ ሄደው የተማሩት የአገራችን ልጆች ናቸው። ለእኔ ግን ቀድሞ የሚመጣልኝ አንድ ሰው ነው፤ ሆሴ ራውል ካፓብላንካ። ስልካችሁ ላይ ቼዝ የምትጫወቱ ከሆነ ስሙን ሳትሰሙት አትቀሩም። ልጆቻቸውን ወይ ታናናሾቻቸውን ቼዝ ማስተማር ፈልገው ከየት እንጀምር የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። እኔ ደግሞ መልሱ እሱ ሕይወት ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

የተወለደው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1888 ሃቫና ውስጥ ነው። ኩባ ያኔ በስፔን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ አባቱም የስፔን ጦር መኮንን ነበር። አባትየው ከጓደኛው ጋር ቼዝ ሲጫወት ትንሹ ሆሴ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያያል። ዕድሜው ገና አራት ነው፤ ይሄ ፈረስ ነው፣ ያ ንጉሥ ነው ብሎ ያስረዳው ሰው የለም። በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ በሦስተኛው ቀን አባቱ ፈረሱን ከነጭ ካሬ አንስቶ ሌላ ነጭ ካሬ ላይ ሲያስቀምጠው ያያል። ተጋጣሚው አልነቃም፤ አባትም አሸነፈ። ልጁ ግን አጭበርብረሃል ብሎ ይስቅበት ጀመር። አባት ተቆጣ፣ ከክፍሉ ሊያስወጣውም ምንም አልቀረው። ልጁ ስህተቱን ካሳየው በኋላ ደግሞ ጭራሽ እኔ አሸንፍሃለሁ አለ። ተጫወቱ፤ አባት ተሸነፈ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ በቃ ሊቅ ሆኖ ተፈጥሯል ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ፈረሱ ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ፈረስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የካሬ ቀለም ይቀይራል፤ ከነጭ ከተነሳ ማረፊያው ጥቁር ነው፣ ከጥቁር ከተነሳ ነጭ። ብዙ ተጫዋች ዓመታት ተጫውቶም ይህን ልብ አይልም። ልጁ ሕጉን ማንም ሳይነግረው ሦስት ቀን በማየት ብቻ ደረሰበት። ዛሬ እኛ ልጅ ስናስተምር የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ቁጭ እናደርገውና የስድስቱንም ዓይነት ጠጠር አካሄድ በአንድ ትንፋሽ እናዘንብበታለን፤ ከዚያ ለምን አይገባውም እንላለን። ኧረ ትንሽ ይይ!

ሌላም ነገር አለ። ያን ሁሉ ተሰጥኦ የያዘውን ልጅ ቤተሰቦቹ ቀን ከሌት ሰሌዳ ላይ አልጣዱትም። ሃቫና ቼዝ ክለብ በየእሁዱ መሄድ የጀመረው ስምንት ዓመት ሲሆነው ነው። አሥራ ሦስት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በ1901 ኖቬምበር ላይ፣ ከኩባ ቁንጮ ተጫዋቾች አንዱ ከነበረው ከሁዋን ኮርሶ ጋር ግጥሚያ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፈ። ለአንድ ልጅ እዚህ ጋር አልቅሶ መሄድ ያባት ነው፤ እሱ ግን ግጥሚያውን ገልብጦ አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት በኩባ ሻምፒዮና አራተኛ ወጣ፣ በኮርሶም ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። ይህንን ሁለተኛውን ክፍል የሚያወራው ሰው ጥቂት ነው። ልጆች ግን ቢሰሙት ጥሩ ነበር እላለሁ።

ቀጥሎ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ኒው ዮርክ ሄዶ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ምህንድስና ጀመረና ተወው፤ ቼዙ ጎተተው። በ1909 የአሜሪካውን ፍራንክ ማርሻልን ስምንት አሸንፎ፣ አንድ ተሸንፎ፣ አሥራ አራት አቻ ወጥቶ ረታው። በ1911 ሳን ሴባስቲያን ላይ ትልቅ ውድድር ሲዘጋጅ፣ ይሄ ልጅ ምን ስላሸነፈ ነው ከእኛ ጋር የሚቀመጠው ብለው ከተቃወሙት አንዱ ኦሲፕ በርንስታይን ነበር። በመጀመሪያው ዙር የደረሰው ካፓብላንካ ሆነና ተሸነፈለት። ውድድሩንም ካፓብላንካ ወሰደ። በ1921 ሃቫና ላይ ለ27 ዓመት ዙፋኑን ይዞ የቆየውን ኢማኑኤል ላስከርን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ከሥልጣን አወረደው፤ አራት ድል፣ አሥር አቻ። ከ1916 እስከ 1924 ድረስ በይፋ ውድድር ያሸነፈው ሰው አልነበረም። ስምንት ዓመት!

ሻምፒዮን በሆነበት በዚያው በ1921 ቼዝ ፈንዳሜንታልስ የሚባለው መጽሐፉ ወጣ። ከየት እንጀምር ላላችሁኝ፣ ጉዳዩ እዚህ ነው ያለው። መጽሐፉ የሚጀምረው ከጨዋታው መክፈቻ ሳይሆን ከመጨረሻው ነው። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጠጠር ብቻ ቀርቷል፤ የአንዱ ንጉሥና ሩክ፣ የሌላው ብቸኛ ንጉሥ። ያንን ንጉሥ ወደ ጠርዝ ገፍተህ እንዴት ቼክሜት ታደርገዋለህ? ሩኩ ብቻውን አይችልም፤ ንጉሡም መጥቶ ማገዝ አለበት። ከስድስት ዓመት ልጅ ጋር ሞክሩት። ሠላሳ ሁለት ጠጠር ሲያይ የሚደነግጠው ልጅ ሦስት ሲሆኑ ማሰብ ይጀምራል። እዚህ ብሄድ እዚያ ይሸሻል፣ ስለዚህ መጀመሪያ መንገዱን ልዝጋ ይላል። ስትራቴጂ የምንለው ትልቅ ቃል ለልጅ ሲመነዘር ይኸው ነው፤ መድረሻውን አይቶ ወደ ኋላ መቁጠር። ቼዝ የሂሳብ ውጤት ያሳድጋል፣ ልጁን ሊቅ ያደርጋል የሚሉትን ማስታወቂያዎች እኔ ብዙም አላምናቸውም። ከመንካት በፊት ማየትን ግን በእርግጥ ያስለምዳል። (በድሮ መኳንንቶቻችን ቤት ይዘወተር የነበረው ሰንጠረዥ ወረራ የሚባል አጀማመር ነበረው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። ስልክ ላይ የአንድ ደቂቃ ጨዋታ የምትወዱ ደስ ይላችሁ ነበር።)

በ1925 ሌኒንግራድ ላይ ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ጊዜ ሲጫወት አንድ የ14 ዓመት ልጅ አሸነፈው። ልጁ ሚካኤል ቦትቪኒክ ይባላል፤ በኋላ እሱም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ የሠራው የቼዝ ትምህርት ቤትም ካርፖቭንና ካስፓሮቭን አፈራ።

ካፓብላንካን የጎዳው፣ በእኔ አስተያየት፣ ያ ሁሉ ነገር በልጅነቱ ቀላል መሆኑ ነው። በ1927 ቦነስ አይረስ ላይ ዙፋኑን ሊከላከል ሲቀመጥ ተፎካካሪው አሌክሳንደር አሌክሂን ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ አሸንፎት አያውቅም ነበር። አሌክሂን ግን የካፓብላንካን ጨዋታዎች አንድ በአንድ አገላብጦ አጥንቶ ነበር የመጣው። የእኛ ሰው ያን ያህል አልተዘጋጀም። 34 ጨዋታ ተጫወቱ፤ 25ቱ አቻ፣ ስድስቱ የአሌክሂን፣ ሦስቱ የካፓብላንካ። የመልስ ግጥሚያ ለማግኘት ዓመታት ለመነ፣ ተከራከረ፤ አላገኘም።

ማርች 7 ቀን 1942 ምሽት ኒው ዮርክ ማንሃተን ቼዝ ክለብ ውስጥ ቆሞ ሌሎች ሲጫወቱ እያየ ነበር። ካፖርቱን እንዲያወልቁለት ጠየቀና ወደቀ። ላስከር ከአንድ ዓመት በፊት በሞተበት በማውንት ሳይናይ ሆስፒታል በማግሥቱ አረፈ፤ ዕድሜው 53 ነበር። አስከሬኑ ሃቫና ተወስዶ ኮሎን መቃብር ተቀበረ። መቃብሩ ላይ የቆመው ትልቅ ነጭ የቼዝ ንጉሥ ነው።