ፕሮፌሰር ኤድስገር ዳይክስትራ እና ፕሮግራምን የመከፋፈል ጥያቄ

አንድ የሶፍትዌር መድረክ ለመሥራት የተሰበሰቡ መሐንዲሶች ገና በመጀመሪያው ስብሰባቸው የሚከራከሩበት ጉዳይ አለ። ይኸውም መድረኩ በአንድ ወጥ ፕሮግራም ይሠራ ወይስ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቆመው በኔትዎርክ ወደሚነጋገሩ ብዙ ትናንሽ አገልግሎቶች፣ ማለትም ወደ ማይክሮሰርቪስ ይከፋፈል የሚለው ነው። ማይክሮሰርቪስ የሚለው ስም በሰፊው የታወቀው ከ2014 ወዲህ ቢሆንም ጥያቄው ግን ከስሙ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። ሥራን በምን ላይ ቆርጦ መለየት እንደሚገባና መለየቱም ምን እንደሚያስከፍል ከማንም አስቀድመው በጥልቀት ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ሆላንዳዊው ፕሮፌሰር ኤድስገር ዳይክስትራ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳይክስትራ በሜይ 11 ቀን 1930 በሮተርዳም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የኬሚስትሪ፣ እናታቸው የሒሳብ ሰው ነበሩ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ቲዎሪያዊ ፊዚክስ ሲማሩ ሳሉ በ1951 በካምብሪጅ የተሰጠውን የፕሮግራም አጻጻፍ አጭር ትምህርት ተከታተሉ፤ በማርች 1952ም በአምስተርዳም የማቴማቲክስ ማዕከል ሥራ ጀመሩ። እስከ 1955 ድረስ በሁለት ልብ ኖሩ። ፊዚክስ የተከበረ ሙያ ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ ግን በዚያን ጊዜ የራሱ የሆነ ዕውቀት ያልነበረው፣ ሙያ ለመባልም ያልበቃ ሥራ ነበር። አለቃቸው ፕሮፌሰር ቫን ዋይንሃርደን ኮምፒዩተሮች ከእንግዲህ እንደማይጠፉ፣ ይህንን ሥራ ወደ ተከበረ የዕውቀት ዘርፍ ከሚያደርሱት ሰዎች አንዱም እርሳቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ አመለከቷቸው። ዳይክስትራም በዚህ ቆረጡ። ይሁን እንጂ በ1957 ሪያ ዴቤትስን ሲያገቡ ሙያቸውን ፕሮግራመር ብለው ቢያስመዘግቡ የአምስተርዳም ከተማ ሹማምንት እንዲህ ያለ ሙያ የለም ብለው አልተቀበሏቸውም። በጋብቻ መዝገቡ ላይ ቲዎሪያዊ ፊዚሲስት ተብለው ተጻፉ።

በ1956 አርማክ የተባለውን ኮምፒዩተር ለሕዝብ ለማሳየት ሲሉ በአንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ከእጮኛቸው ጋር ተቀምጠው በሃያ ደቂቃ ያህል ያሰቡት የአጭሩ መንገድ ስሌት እስከ ዛሬ ድረስ በስማቸው ይጠራል። ለጉዳያችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የደረሰባቸው ጭንቀት ነው።

በ1957 ሎፕስትራና ሾልተን የተባሉት የሥራ ባልደረቦቻቸው ኤክስ 1 የሚባለውን ኮምፒዩተር ሲነድፉ ኢንተራፕት የሚባለውን ምልክት እናግባበት አሉ። ይህም ማንበቢያው ወይም ማተሚያው ሥራውን ሲጨርስ ዋናውን ፕሮግራም በማናቸውም ቅጽበት እያቋረጠ እንዲያሳውቅ የሚያስችል ነው። አሳቡ ጠቃሚ እንደሆነ ዳይክስትራ አልካዱም፤ ግን ደነገጡ። እስከዚያ ድረስ አንድ ፕሮግራም ስሕተት ቢሠራ እንደገና ሲያስኬዱት ያንኑ ስሕተት ይደግማልና መንሥኤውን ማግኘት ይቻል ነበር። ኢንተራፕት ከገባ በኋላ ግን ምልክቱ የሚመጣበት ቅጽበት ስለማይታወቅ ዛሬ የታየው ስሕተት ነገ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ውሳኔውን ለጥቂት ወራት አዘገዩት። በመጨረሻ ባልደረቦቻቸው በችሎታቸው እንደሚተማመኑ እየነገሩ አሸነፏቸው፤ እርሳቸውም ምልክቱን የሚቀበለውን ፕሮግራም በጥንቃቄ ጽፈው በ1959 የዶክትሬት ድርሰታቸው ርዕስ አደረጉት። የማይደገም ስሕተት ፍርሃት ግን ከዚያ ወዲያ ከአእምሯቸው አልወጣም፤ ኋላ ለሠሩት ሥራ ሁሉ መነሻ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1962 በአይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያም በአማካይ የጊዜያቸውን ግማሽ ብቻ ከሰጡ ስድስት ያህል ሰዎች ጋር ሆነው ለኤክስ 8 ኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠሩ። ስሙም ከትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ ቲኤችኢ ተባለ። ማሽኑ 32 ሺህ ቃላት የሚይዝ ዋና ማህደረ ትውስታና 512 ሺህ ቃላት የሚይዝ በከበሮ ቅርጽ የተሠራ ማግኔታዊ ማከማቻ ነበረው። ዳይክስትራ ለእያንዳንዱ የተጠቃሚ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ተጓዳኝ መሣሪያ ራሱን የቻለ አንድ ሂደት መደቡ። ሂደቶቹ በየራሳቸው ፍጥነት ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን መጠበቅ ሲኖርበት ብቻ ሴማፎር ብለው በሰየሙት ምልክት ይገናኛሉ። የአንዱ ፍጥነት ቢለወጥ የሌላው ትክክለኛነት አይናጋም። የ1957ቱ ፍርሃት መልስ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ሥርዓቱን ደግሞ በእርከን ከፋፈሉት። ከታች ያለው እርከን ማስሊያውን ለሂደቶች ያድላል፤ ቀጥሎ ያለው ማህደረ ትውስታውን ያስተዳድራል፤ ሦስተኛው ከኦፐሬተሩ ጋር ይነጋገራል፤ አራተኛው ገቢና ወጪ መረጃን ያከማቻል፤ በላዩ የተጠቃሚዎች ፕሮግራሞች ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ እርከን ከበታቹ ባለው ብቻ ይደገፋል። ጥቅሙ በስሌት ሲታይ ይጎላል። ለአብነት ያህል አምስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው በአሥር ዓይነት ሁኔታ ሊገኙ ይችላሉ እንበል። ተደበላልቀው ከተሠሩ መፈተን ያለበት ሁኔታ 100 ሺህ ይደርሳል። እርከን በእርከን ተፈትነው ከተሠሩ ግን 50 ብቻ ነው፤ ማባዛቱ ወደ መደመር ይለወጣልና። በ1968 በታተመው ዘገባቸው እንደገለጹት በሙከራ ጊዜ የተገኙት ተራ የአጻጻፍ ስሕተቶች ብቻ ሲሆኑ፣ ብዛታቸውም በየ500 ትእዛዝ አንድ ያህል ነበር፤ እያንዳንዱም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ሁሉ ክፍፍል የተደረገው በአንድ ማሽን ውስጥ መሆኑ ነው። ዳይክስትራ የከፋፈሉት ሰው አንድን ክፍል ለብቻው አስቦ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ እንዲችል ነው እንጂ ክፍሎቹን ወደተለያየ ቦታ ለመላክ አልነበረም። መከፋፈልም በነጻ እንደማይገኝ አይተዋል። ከኦፐሬተሩ ጋር የሚነጋገረው እርከን የሚጠቀምባቸው ቃላት እየበዙ ስለሄዱ በዋናው ማህደረ ትውስታ ዘወትር ሊቀመጡ አልተቻለም፤ ስለሆነም ከማህደረ ትውስታ አስተዳዳሪው በላይ ሆነ። ውጤቱም ከበሮው ቢበላሽ አስተዳዳሪው ለኦፐሬተሩ ችግሩን ሊነግረው አለመቻሉ ነው። ይህንን እያወቁ ተቀበሉት። ከዚህም በላይ እንከን በሌለበት ማሽን ላይ ለረጅም ጊዜ ማተኮራቸውንና መሣሪያ ሲበላሽ ምን ይደረጋል የሚለውን ዘግይተው ማሰባቸውን በግልጽ እንደ ስሕተት ቆጠሩት።

በአሁኑ ጊዜ ገና ያልበሰለ መድረክን ወደ ብዙ አገልግሎቶች የሚበትኑ ቡድኖች የ1957ቱን ጭንቀት በፈቃዳቸው መልሰው ይገዛሉ። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አንዱ ክፍል ሌላውን ሲጠራ መልሱ ይመጣል፣ ካልሆነም ሁለቱ አብረው ይቆማሉ። ከሞጣ ወይም ከአማኑኤል ወደ አዲስ አበባ የተላከ የክፍያ መልእክት መልስ ሲያጣ ግን ክፍያው አልደረሰ ይሁን ወይስ ደርሶ መልሱ በመንገድ ይጥፋ ላኪው ማወቅ አይችልም። ደግሞ ቢልከው ሁለት ጊዜ ሊከፈል ነው፤ ቢተወውም ሳይከፈል ሊቀር ነው። እርግጥ ነው፣ የሥራው ብዛትና የሠራተኛው ቁጥር አንድን ክፍል ለብቻው ማቆም ግድ የሚያደርጉበት ጊዜ አለ። በውስጡ እርከን ያልተለየለትን ፕሮግራም በማሽን ላይ መለያየት ግን የተቋጠረውን ልቃቂት በመቀስ እንደ መቁረጥ ነው። ታላላቆቹ ኩባንያዎችም ቢሆኑ ወደኋላ የተመለሱበት ጊዜ አለ፤ የአማዞን ፕራይም ቪዲዮ የምስልና የድምፅ ጥራት መቆጣጠሪያ ቡድን ተበታትኖ የነበረውን ሥራ ወደ አንድ ፕሮግራም ሰብስቦ ወጪውን ከ90 በመቶ በላይ መቀነሱን በ2023 ይፋ አድርጓል።

ቲኤችኢ ከተፈጸመ በኋላ ዳይክስትራን የተቀበላቸው ደስታ አልነበረም። የትምህርት ክፍሉ ለሥራቸው ግምት አልሰጠውም፤ እርሳቸውም በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ወደቁ። ከዚያ ለመውጣት የጻፉት ስለ መዋቅራዊ ፕሮግራም አጻጻፍ የሚናገረው ማስታወሻ በዓለም ዙሪያ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በ1972 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1973 የበሮውዝ ኩባንያ ተመራማሪ ሆነው በቤታቸው መሥራት ጀመሩ። አንድን ጉዳይ ከሌላው ለይቶ በየተራ የመመርመርን ዘዴ በስም ጠርተው የጻፉት በ1974 ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሰዎች ሰብስበው አንድ ጽሑፍ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ያነቡና ይተቹ ነበር፤ በብቸና አካባቢ በዲማ ጊዮርጊስ የመጻሕፍት ጉባኤ ቃሉ አንድ በአንድ ሲታተት ላየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይመስለውም። ኮምፒዩተር ለጽሑፍ አይወዱም ነበር፤ ከ1300 በላይ የሆኑትን ቁጥር የተሰጣቸው ማስታወሻዎቻቸውን አብዛኞቹን በብዕር ጽፈው፣ አባዝተው ለባልደረቦቻቸው ይልኩ ነበር።

ማሽኖች በእርግጥ ተራርቀው ሲሠሩ ምን ይደረጋል የሚለውንም አልተውትም። በ1974 ባሳተሙት በጣም አጭር ጽሑፍ አንዱ የጎረቤቱን ሁኔታ ብቻ የሚያይባቸው ማሽኖች፣ ከየትኛውም የተዛባ ሁኔታ ቢነሡ ያለ ማዕከላዊ አዛዥ ወደ ትክክለኛው ሥርዓት የሚመለሱበትን መንገድ አሳዩ። ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ በ1983 ሌዝሊ ላምፖርት በአንድ ጉባኤ ላይ ታላቅነቱን እስኪመሰክሩለት ድረስ።

ዳይክስትራ በ1984 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1999 አስተማሩ። በ2002 ያ የ1974ቱ ጽሑፍ በተበታተኑ ሥርዓቶች ጥናት ዘርፍ ሽልማት ተሰጠው። በዚያው ዓመት በኦገስት 6 ቀን በአገራቸው በኑነን ከተማ በካንሰር በሽታ ዐረፉ። ሽልማቱ ከ2003 ጀምሮ በእርሳቸው ስም ይጠራል።