ጄምስ ብሩስ

ጄምስ ብሩስ (1730–1794 እ.ኤ.አ.) የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የኢትዮጵያ ጉዞ

ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደርሶ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ። በዙፋኑ ላይ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ቢኖሩም ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ብሩስ በፈንጣጣ የታመሙ የመሳፍንት ልጆችን በማከሙ በቤተ መንግሥቱ ተወደደ።

በሜይ 1770 በጣና ምሥራቅ ዳር ወርዶ፣ በፎገራ ሜዳ ርብንና ጉማራን ተሻግሮ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደረሰ፤ ነገር ግን በጦርነት ምክንያት ተመለሰ። በሁለተኛው ጉዞ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይን አየ።

ምንጩን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ አድርጎ ራሱን ቢያቀርብም፣ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት ነበር። አብሮት የሄደውንና በ1771 ጎንደር የሞተውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒንም ድርሻ ደብቋል።

ሥራዎቹ

ብሩስ የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች ወደ አውሮፓ ወስዷል። ስለ ኮሶና ለተቅማጥ መድኃኒት ስለሚሆነው ዋጊኖስ ጽፏል፤ የዋጊኖስ ሳይንሳዊ ስም ብሩሲያ የተባለው በእርሱ ስም ነው። በ1790 ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ መጽሐፍ የዓባይ ሙላት ከኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ እንደሚመጣ አስረድቷል።

ከምንጩ እስከ ተዳፋቱ

ይህ ማብራሪያ ከግሽ ምንጭ ይልቅ ዝናቡ የሚያርፍበትን ተዳፋት ሁሉ አስፈላጊ ያደርገዋል። ቅጠል የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፤ ሥር አፈሩን ያያይዛል፤ ውሃውም ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ዛፉ ተቆርጦ ሣሩ በልቅ ግጦሽ ሲያልቅ ግን ከብቶች የረገጡት መሬት ይጠጥራል፤ ውሃው በላዩ ይሮጣል፤ የከብት መሄጃውም ወደ ቦረቦር ይለወጣል።

ብሩስ የተሻገራቸው ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሣሉ። ጉማራ የወንዛዬን ፍል ውኃ አልፎ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ርብም እንዲሁ ነው። የያዙት ደለል ወለላቸውን ሲሞላው ውሃው ከዳር ይወጣል። በለምነቱና በከብቶቹ የታወቀውን የፎገራን ሜዳ የሠራው ይኸው ደለል ነው፤ በ2006 እንደደረሰው ያለውን የጎርፍ አደጋ የሚያባብሰውም እርሱ ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

ብሩስ በ1774 ሎንዶን ሲመለስ ስለ ኢትዮጵያ ያወራውን ብዙዎች አላመኑትም። በኤፕሪል 1794 በስኮትላንድ መኖሪያው ከደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።