ከሎሌነት ወደ መሪ ተዋናይነት፦ የብሩስ ሊ ሕይወትና የቪዲዮ ካሴት

መግቢያ

የአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም መሪ ተዋናይ ማን እንደሆነ የሚወሰነው በአዘጋጁና በሚያሰራጨው ጣቢያ ነው ተብሎ ይታሰባል። የብሩስ ሊ ሕይወት ግን ይህን አስተሳሰብ እንድንፈትሽ ያስገድዳል። የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሁለተኛ ደረጃ ያስቀመጠውን ይህን ተዋናይ የሲኒማና የቪዲዮ ካሴት ተመልካች ወደ አንደኛ ደረጃ አውጥቶታል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የተዋናዩን የሕይወት ጉዞ በመከተል ለውጡ እንዴት እንደመጣና እንደ መቱ ላሉ ከተሞች የባህል ታሪክ ጥናት ያለውን ፋይዳ ማመልከት ነው። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና አስተዳደጉ

ብሩስ ሊ ኅዳር 27 ቀን 1940 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ሲሆኑ፣ ልጁ የተወለደው ለትርኢት ወደ አሜሪካ በተጓዙበት ወቅት ነበር። በዚህ አጋጣሚ ሕፃኑ በትውልድ አሜሪካዊ ሆነ፤ ያደገው ግን በሆንግ ኮንግ ነው። ገና በልጅነቱ በበርካታ የሆንግ ኮንግ ፊልሞች ተጫውቷል። በጉርምስናው ዘመን ከመምህር ኢፕ ማን ዘንድ ዊንግ ቹን የተባለውን የፍልሚያ ስልት ተማረ፤ በ1958ም በከተማዋ የቻቻ ዳንስ ውድድር አሸነፈ። በ1959 ወደ አሜሪካ ተመልሶ በሲያትል በምግብ ቤት እየሠራ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1961 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ዲግሪውን ሳይጨርስ ወጥቶ ሙሉ ትኩረቱን ወደ ማርሻል አርት መምህርነት አዞረ። በ1964 ሊንዳ ኤመሪን አገባ።

በአሜሪካ ቴሌቪዥን

ወደ ቴሌቪዥን ያሻገረው በ1964 በሎንግ ቢች የካራቴ ውድድር ላይ ያሳየው ትርኢት ነው። ስለ ችሎታው የሰማው ፕሮዲዩሰር ዊልያም ዶዚየር በ1965 በካሜራ ፊት ፈተነው። በመጀመሪያ የታሰበለት ሥራ ሳይዘጋጅ ቢቀርም፣ ዘ ግሪን ሆርኔት በተባለው ተከታታይ ፊልም የካቶን ገጸ ባሕርይ እንዲጫወት ተመረጠ። ታሪኩ በ1936 በሬዲዮ የተጀመረ ሲሆን፣ ቀን የጋዜጣ አሳታሚ፣ ሌሊት ጭምብል ለብሶ ወንጀለኞችን የሚያሳድድ ሰው ላይ ያተኩራል። መሪው ተዋናይ ቫን ዊልያምስ ነበር፤ ካቶ ደግሞ የአሳታሚው ሾፌርና አሽከር ነው። ፊልሙ በኤቢሲ ጣቢያ ከመስከረም 1966 እስከ መጋቢት 1967 በ26 ክፍሎች ቀርቦ ተቋረጠ።

በዚህ ሥራ ውስጥ በንግግሩና በሥልጣኑ አናሳ የሆነው ሎሌ በፍልሚያው ትዕይንት ከጌታው ልቆ ይታይ ነበር። ተከታታይ ፊልሙ በሆንግ ኮንግ ሲታይ በካቶ ስም መጠራቱም የዚሁ ውጤት ነው። በአሜሪካ ግን ለተዋናዩ የተሰጡት ቀጣይ ሥራዎች አነስተኛ ነበሩ። በ1967 በአይረንሳይድ፣ በ1971 ደግሞ በሎንግስትሪት ታየ። በሎንግስትሪት ለዓይነ ስውሩ ዋና ገጸ ባሕርይ ራስን የመከላከል ስልት የሚያስተምር ሰው ሆኖ ተጫውቷል።

ብሩስ ሊ በቀድሞዋ ምዕራብ አሜሪካ የሚዘዋወር ቻይናዊ ተፋላሚን ታሪክ ራሱ አርቅቆ ለስቱዲዮ አቅርቦ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ተቀባይነት አላገኘም። በ1972 ኤቢሲ ኩንግ ፉ የተሰኘውን ሥራ ሲያቀርብ፣ ግማሽ ቻይናዊ የሆነውን መነኩሴ የተጫወተው ዴቪድ ካራዲን ነበር። ለሚናው ከታሰቡት አንዱ የነበረው ብሩስ ሊ አልተመረጠም። የሁለቱ ታሪኮች ዝምድና እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ግን በዘመኑ የነበሩ ጣቢያዎች የእስያ ተወላጅን በመሪ ተዋናይነት ለማቅረብ ይፈሩ እንደነበር ነው።

ወደ ሆንግ ኮንግ መመለሱና ሞቱ

በ1971 ወደ ሆንግ ኮንግ ተመልሶ ዘ ቢግ ቦስ በተባለው ፊልም መሪ ተዋናይ ሆነ፤ በ1972 ፊስት ኦፍ ፊዩሪና ራሱ ያዘጋጀው ዘ ዌይ ኦፍ ዘ ድራገን ተከተሉ። ከሆሊዉድ ጋር በመተባበር የተሠራው ኢንተር ዘ ድራገን ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት፣ ሐምሌ 20 ቀን 1973 በአንጎል እብጠት በ32 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው በሲያትል ነው።

ከሞት በኋላ፦ የካሴት ዘመን

በ1974 የዘ ግሪን ሆርኔት የተመረጡ ክፍሎች ተገጣጥመው እንደ አንድ ሙሉ ፊልም ለሲኒማ ቀረቡ። ማስታወቂያው ያጎላው የቫን ዊልያምስን ሳይሆን የብሩስ ሊን ስም ነበር። በ1976 የቪኤችኤስ ካሴት ለገበያ ሲቀርብ ደግሞ አሮጌ ሥራዎች ከጣቢያ መርሐ ግብር ውጭ የሚታዩበት መንገድ ተከፈተ። ተመልካቹ የሚፈልገውን ክፍል መምረጥ፣ የወደደውን ፍልሚያ መልሶ ማየት ቻለ።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ ለረጅም ዘመን የነበረው ጣቢያ አንድ ብቻ ስለነበር መራጩ ጣቢያው ነበር። ቪዲዮ ቤት ይህን ሥልጣን ወደ ካሴት አከራዩና ወደ ተመልካቹ አዛወረው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለምትገኘው መቱ፣ እንዲሁም ለጎሬና ለበደሌ ዓይነት ከተሞች፣ አግዳሚ ወንበር፣ ቴሌቪዥንና ዴክ ያሉት አንድ ክፍል የሲኒማ አዳራሽን የሚተካ ነበር። በቪዲዮ ቤት ቋንቋ አክተር ይባል የነበረው የተጫወተ ሁሉ ሳይሆን የማይሞተው ጀግና ብቻ እንደነበር ልብ ሊባል ይገባል። ብሩስ ሊን አስቀድሞ በሆንግ ኮንግ ፊልሞቹ ላወቀ ተመልካች፣ የአሽከር ልብስ ቢለብስም አክተሩ እሱ ነበር፤ በፊልሙ መግቢያ ላይ የስሞች ቅደም ተከተል ይህን አይለውጥም ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ የሕይወት ታሪክ ሁለት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የተዋናዮች ስም ዝርዝር የአዘጋጁን ውሳኔ እንጂ የተመልካቹን ፍርድ አያሳይም። ሁለተኛ፣ የተመልካቹን ፍርድ የመዘገበ የጽሑፍ ሰነድ እምብዛም ስለሌለ፣ ምንጩ የቪዲዮ ቤት ባለቤቶችና የቀድሞ ተመልካቾች ትዝታ ነው። የማግኔት ካሴት በእርጥበትና በሙቀት ይበላሻል፤ ዝናብ በማይለያት ኢሉባቦር ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል። ባለታሪኮቹም እያረጁ ነው። ስለዚህ በአካባቢው የሚገኙ የታሪክ፣ የጋዜጠኝነትና የፎክሎር ተመራማሪዎች የቀሩትን ካሴቶች ቢመዘግቡና የባለቤቶቹን ቃል በድምፅ ቢያስቀሩ፣ የአንድ ትውልድ የጀግና ምርጫ እንዴት እንደተቀረጸ የሚያስረዳ መረጃ ከመጥፋት ይድናል።