ጦርነትን በአደባባይ የመረመሩት ሴናተር - ዊሊያም ፉልብራይት

ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ኀያላን መንግሥታትም አንዳንዴ እንዲሁ ናቸው፤ ጉልበታቸውን አይተው ከፊታቸው ያለውን ገደል ይዘነጋሉ። አሜሪካ በቬትናም ወደ ገደሉ ስትጠጋ ቆም ብላ እንድታስብ ከወተወቱት መካከል ሴናተር ዊሊያም ፉልብራይት ቀዳሚ ናቸው። ነገር ግን ለዚያ ጦርነት በሩን ከከፈቱት አንዱም እርሳቸው ነበሩ።

ፉልብራይት እ.ኤ.አ በ1905 በሚዙሪ ግዛት ተወልደው በአርካንሶ ግዛት አደጉ። የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ተማሩ፤ በ34 ዓመታቸውም የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። በ1945 ሴኔት ገብተው ለ30 ዓመታት ገደማ አገለገሉ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያቀረቡት አንድ ሕግ ስማቸውን ከመቃብር በላይ አኑሮታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በውጭ ሀገራት የቀረው የአሜሪካ ትርፍ የጦር ንብረት ተሽጦ ገንዘቡ ለትምህርት ልውውጥ እንዲውል አደረጉ። በ1946 የጸደቀው ይህ ዕድል ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ የብዙ ሀገራት ምሁራንን አስተምሯል።

በ1959 የሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። በ1961 ኩባን የመውረር ዕቅድ ሲዶለት ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። ምክራቸው አልተሰማም፤ ወረራውም ከሸፈ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በነሐሴ 1964 ነው። መንግሥት የአሜሪካ የጦር መርከቦች በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ሁለት ጊዜ ጥቃት እንደተፈጸመባቸው አስታወቀ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ኀይል የመጠቀም ሥልጣን ጠየቁ። ፉልብራይት ወዳጃቸውን አምነው የውሳኔ ሐሳቡን በሴኔቱ መርተው አሳለፉ፤ 88 ሴናተሮች ሲደግፉ የተቃወሙት 2 ብቻ ነበሩ። ሥልጣኑን ለመገደብ የቀረበውን የማሻሻያ ሐሳብም አያስፈልግም አሉ። ሁለተኛው ጥቃት ግን ከቶ እንዳልተፈጸመ ኋላ ላይ ታወቀ።

በቬትናም የተሰለፈው የአሜሪካ ጦር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ500 ሺህ በላይ ደረሰ። ፉልብራይት ስህተታቸውን በዝምታ አልሸፈኑም። በየካቲት 1966 ባለሥልጣናትን፣ ጄኔራሎችንና ዲፕሎማቶችን ጠርተው በቴሌቪዥን በተላለፈ ችሎት ጠየቁ። የጦርነቱ ምክንያትና መጨረሻ በየቤቱ መነጋገሪያ ሆነ። ከጆንሰን ጋር የነበራቸው ወዳጅነትም ፈረሰ።

በዚያው ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ ኀያል ሀገር ጉልበቱን ከጽድቅ ጋር እንደሚያምታታ አስጠነቀቁ። አቴናውያን ሲራኩስን፣ ናፖሊዮንና ሂትለር ደግሞ ሩሲያን ሲወርሩ ከአቅማቸው በላይ ተዘርግተው መውደቃቸውን አስታወሱ። ሀገርን መጠየቅ ሀገርን መክዳት እንዳልሆነም ሞገቱ።

ይሁን እንጂ የእኚህ ሰው ታሪክ ጥቁር ነጥብ አለበት። ለሩቅ ሕዝብ ሰላም የተከራከሩት ፉልብራይት በገዛ ግዛታቸው ለጥቁር አሜሪካውያን እኩልነት አልቆሙም። በ1956 የትምህርት ቤቶችን የዘር ውህደት የተቃወመውን የደቡብ ግዛቶች መግለጫ ፈረሙ፤ በ1964 የወጣውን የሲቪል መብቶች ሕግም ተቃወሙ።

የቶንኪኑ ውሳኔ በ1971 ተሻረ። ከሁለት ዓመት በኋላም ኮንግረሱ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቢቃወሙትም፣ የፕሬዚዳንቶችን ጦር የማዝመት ሥልጣን የሚገድብ ሕግ አጸደቀ። ፉልብራይት በ1974 በፓርቲያቸው የዕጩነት ምርጫ ተሸንፈው ከሴኔቱ ወጡ፤ በ1995 በ89 ዓመታቸው አረፉ።

ጦርነቱ ከ58 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ቀጥፏል፤ የቬትናማውያኑ እልቂት ደግሞ ከዚያ እጅግ የበዛ ነው። የአሜሪካ የበላይነት እየቀነሰ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሙግት ዛሬም ቀጥሏል። የፉልብራይት ሕይወት ግን ከሙግቱ በፊት የሚቀድመውን ጉዳይ ያሳያል፤ ጦር ከመዝመቱ በፊት በአንድ ቀን ያልተጠየቀ ጥያቄ፣ ከዘመተ በኋላ በዐሥር ዓመትም ተጠይቆ የሞተውን አይመልስም።