የሜሪ ካርፔንተር ታሪክ

ልጆች ሆይ፥ ዕንቍላል ሰርቆ ለእናቱ ስላመጣው ልጅ የሚነገረውን ተረት ሰምታችኋል። እናቱ ሳትቈጣው ቀረች፤ ልጁም ከዕንቍላል ወደ ዶሮ፥ ከዶሮ ወደ በግ፥ ከበግ ወደ በሬ እያለ በስርቆት አደገ። በመጨረሻም ተይዞ ሊሰቀል በተወሰደ ጊዜ በዕንቍላሉ ቀን ስላልቀጣችው እናቱን ወቀሳት። ተረቱ ብዙ ያስተምራል፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በዕንቍላሉ ቀን የሚመክረው እናትም አባትም የሌለው ልጅ ማንን ይወቅሳል? ለዚህ ጥያቄ በሥራዋ መልስ የሰጠች አንዲት ሴት በእንግሊዝ አገር ነበረች። ስሟም ሜሪ ካርፔንተር ይባላል። በታሪኳ ውስጥ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሜሪ በ1807 ኤክሰተር በሚባል ከተማ ተወለደች። አባቷ ላንት ካርፔንተር የቤተ ክርስቲያን ሰባኪና አስተማሪ ነበረ። በ1817 ቤተ ሰቡ ወደ ብሪስቶል ከተማ ሄዶ በዚያ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ስፌትና ጥቂት ንባብ ይበቃታል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ነበሩ፤ አባቷ ግን ከወንዶች ተማሪዎቹ ጋር አስቀምጦ የላቲንና የግሪክ ቋንቋ፥ ሒሳብም፥ የተፈጥሮንም ነገር አስተማራት። በ1829 እርሷም ከእናቷና ከእኅቶቿ ጋር ሆና የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፍታ ማስተማር ጀመረች።

ብሪስቶል የወደብ ከተማ ናት። መርከቦች ከሩቅ አገር ዕቃ እያመጡ ነጋዴዎቿን ያበለጽጉ ነበር። ነገር ግን ከባለጠጎቹ ቤት ጥቂት እልፍ ብሎ ባሉት ጠባብ መንገዶች ውስጥ ብዙ ድኾች ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ከልጆቻቸውም ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሳይገቡ፥ ጫማ ሳያደርጉ፥ ቀኑን ሁሉ በመንገድ ይውሉ ነበር። የተራበው ይለምናል፤ ልመናው ያልተሳካለት ይሰርቃል።

በ1833 ጆሴፍ ተከርማን የሚባል ሰባኪ ከአሜሪካ፥ ከቦስተን ከተማ መጣ። ይህ ሰው በአገሩ ድኾችን በየቤታቸው እየሄደ የሚጠይቅ ነበረ። አንድ ቀን ሜሪ ከእርሱ ጋር በድኾች ሰፈር ስታልፍ፥ ልብሱ የተቦጫጨቀ አንድ ልጅ ከፊታቸው ሮጦ አልፎ በጠባቡ መንገድ ተሰወረ። እንግዳውም ያን ልጅ እስከ ቤቱ ድረስ ተከትሎ ኑሮውን የሚያይለት ሰው እንደሚያስፈልግ ነገራት። ነገሩ አጭር ነበር፤ ሜሪ ግን በልቧ ጠበቀችው። እንደዚያ ያሉትን ልጆች ብዙ ሰው ያያቸው ነበር፤ የሚከተላቸው ግን ጥቂት ነበረ።

በ1835 በብሪስቶል ድኾችን በየቤታቸው የሚጠይቅ ማኅበር እንዲቋቋም ረዳች፤ የማኅበሩም ጸሓፊ ሆና ከ20 ዓመት በላይ በፈቃዷ አገለገለች። በ1840 አባቷ በመርከብ ሲጓዝ ከባሕር ወድቆ ሞተ። ሜሪ አባቷን እጅግ ትወድ ስለ ነበረ ኀዘኗ ከባድ ሆነ። ነገር ግን ኀዘኑ ከሥራዋ አላስቀራትም።

አሁን በዚያ ዘመን የነበረውን የፍርድ ሥርዐት ጥቂት እንመልከት። በእንግሊዝ ሕግ 7 ዓመት የሞላው ልጅ በጥፋቱ በዳኛ ፊት ሊቆም ይችል ነበር። ትንሽ ነገር የሰረቀ ልጅ ወደ ወኅኒ ቤት ይላካል፤ በመርከብ ተጭኖ ወደ አውስትራልያ የተጋዘም ነበረ። በብዙ ወኅኒ ቤትም ልጁ ከታወቁ ሌቦች ጋር ይቀመጥ ነበር። እነርሱም በእጁ ፍጥነት እየተደሰቱ እርሱ ያላወቀውን ያስተምሩታል። ዳኛው ሊቀጣው የላከው ልጅ እንዲህ ሆኖ የክፋት ተማሪ ሆነና ይወጣል። ከወጣም በኋላ ወኅኒ ቤት የነበረን ልጅ ማን ይቀጥረዋል? ስለዚህ ተመልሶ ይሰርቃል፤ ተመልሶም ይታሰራል።

አንዳንድ ሰዎች ግን ሌላ መንገድ ጀምረው ነበር። በፖርትስመዝ ከተማ ጆን ፓውንድስ የሚባል አንድ ድኻ ጫማ ሰፊ፥ ጫማ እየሰፋ የመንገድ ልጆችን በሱቁ ሰብስቦ ያለ ዋጋ ማንበብና መጻፍ ያስተምር ነበር። እርሱም በ1839 ሞተ። ከእርሱ በኋላ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች በየከተማው ተከፈቱ፤ የልጆቹ ልብስ የተቀዳደደ ስለ ሆነም የእራፊ ለባሾች ትምህርት ቤት ተባሉ። ሜሪም በነሐሴ ወር 1846 በብሪስቶል፥ ሉዊንስ ሚድ በሚባለው ሰፈር፥ አባቷ ይሰብክበት ከነበረው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ከፈተች።

መጀመሪያው ቀላል አልነበረም። ከልጆቹ ብዙዎቹ ጸጥ ብሎ መቀመጥን አያውቁም፤ እርስ በርሳቸው ይደባደባሉ፤ በትምህርቱ መካከል ተነሥተው ይወጣሉ። ሜሪ ግን በማግሥቱም በዚያው ስፍራ ትገኝ ነበር። የአገሮችን ካርታ ታሳያቸዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለ ድንጋይና ስለ ዕፀዋት የተማረችውን ትነግራቸዋለች። ሰነፍና ደንቈሮ የተባሉት ልጆችም የማወቅ ፍላጎታቸው ከሌሎች ልጆች የማያንስ ሆኖ አገኘችው። ልጅ የሚታረመው የሚያስተምረው ሰው እንደሚወደው ባወቀ ጊዜ ነው ብላ ታምን ነበር።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ብቻውን እንደማይበቃ አየች። ከተማሪዎቿ መካከል ተይዘው ወደ ወኅኒ የሚወሰዱ ነበሩ። ስለዚህ በ1851 አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጽፋ አሳተመች። በመጽሐፉም ሦስት ዐይነት ትምህርት ቤቶች እንደሚያስፈልጉ ገለጸች። የመጀመሪያው ለድኻ ልጆች ሁሉ ያለ ዋጋ የሚያስተምር የቀን ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው በመንገድ ለሚዞሩና ለሚለምኑ ልጆች ምግብ እየሰጠ የእጅ ሥራ የሚያስተምር ነው። ሦስተኛው ፈጽመው ላጠፉትና ለተፈረደባቸው ልጆች በወኅኒ ቤት ፈንታ የሚሆን የጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤት ነው። አስተውሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልጁ ወደ ሦስተኛው እንዳይደርስ የሚጠብቁ ናቸው። በአገራችንም ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

በዚያው ዓመት የበርሚንግሃም ዳኛ ከነበረው ከማቲው ዳቬንፖርት ሂል ጋር ሆና በበርሚንግሃም ከተማ ስለዚህ ጉዳይ ትልቅ ጉባኤ እንዲደረግ አደረገች። ነገር ግን ሴት በወንዶች ጉባኤ ቆማ መናገር ነውር ነው ይባል ስለ ነበረ፥ ጉባኤውን ያስጠራችው ሜሪ በጉባኤው ላይ ዝም ብላ ተቀመጠች። በ1852 ግን የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ አጥፊ ልጆች የሚመረምር ሸንጎ ባቆመ ጊዜ በፊቱ ቀርባ ያየችውንና የሠራችውን ተናገረች። ዝምታዋ ልጆቹን እንደማይረዳቸው ስላወቀች፥ ከዚያ ወዲህ በብዙ ጉባኤ ፊት ትናገር ነበር።

በ1852 ከብሪስቶል አጠገብ በኪንግስዉድ የመጀመሪያውን የጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤቷን ከፈተች። በመጀመሪያ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በአንድነት ነበሩ፤ ነገር ግን ሁከት በዛ፤ የሚያመልጡም ነበሩ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰዎች እነዚህ ልጆች በጅራፍ እንጂ በፍቅር አይገዙም ብለው ተስፋ ይቈርጣሉ። እርሷ ግን ሥርዐቱን መርምራ አሻሻለችው፤ ሴቶቹን ከወንዶቹ መለየት እንደሚገባም አየች። በ1854 የባለቅኔው የባይረን ሚስት የነበረችው ባለጠጋ እመቤት ከ250 ዓመት በላይ የቆየ አንድ ትልቅ ቤት ገዝታ ለዚህ ሥራ ሰጠቻት። ቤቱ ሬድ ሎጅ ይባላል፤ ቀዩ ቤት ማለት ነው። በዚያም ለልጃገረዶች ብቻ የሚሆን የጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤት ከፈተች።

በቀዩ ቤት የነበሩት ልጃገረዶች ንባብና ጽሕፈት ይማሩ ነበር፤ ልብስ ማጠብን፥ መስፋትንና ቤት መጠበቅንም ይለማመዱ ነበር። ይህም በወጡ ጊዜ በእጃቸው ሥራ በክብር እንዲኖሩ ነው። ከጊዜ በኋላ ሜሪ በዚያው አጠገብ መኖሪያዋን አደረገች። እርሷ ባል አላገባችም፤ ልጅም አልወለደችም፤ በ1858 ግን አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ ተቀብላ እንደ ልጇ አሳደገች።

በ1854 ፓርላማው ሕግ አወጣ። በዚህም ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆነ አጥፊ ልጅ ወደ ጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤት እንዲላክ ለዳኞች ሥልጣን ተሰጠ። ነገር ግን ሕጉ ልጁ አስቀድሞ ቢያንስ 14 ቀን በወኅኒ ቤት እንዲታሰር ያዝዝ ነበር። ሜሪ ይህን ተቃወመች። ልጁ ሊታረም የሚሄድ ከሆነ ወደ ክፋት ትምህርት ቤት አስቀድሞ ማስገባት ስለ ምን ይጠቅማል? ነገር ግን ያን ጊዜ አልተሰማችም። በ1857 ደግሞ በመንገድ ለሚዞሩ ልጆች ስለሚሆነው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ሌላ ሕግ ወጣ።

በ1866 ዕድሜዋ 59 ዓመት ሆኖ ሳለ ወደ ህንድ አገር ተጓዘች። የህንድ ታላቅ ሊቅ የነበረው ራም ሞሐን ሮይ በ1833 ብሪስቶል መጥቶ በዚያው ስለ ሞተ፥ ከወጣትነቷ ጀምሮ ያችን አገር ታስባት ነበር። በጠቅላላው አራት ጊዜ ሄዳ፥ ልጃገረዶች እንዲማሩ፥ ሴቶች አስተማሪዎች እንዲሰለጥኑ፥ የወኅኒ ቤቶችም ሥርዐት እንዲሻሻል ለአገሪቱ ገዦች አመለከተች። በ1876 በህንድም ስለ ልጆች ጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤት ሕግ ወጣ።

ሜሪ ካርፔንተር በሰኔ ወር 1877፥ በ70 ዓመቷ፥ በብሪስቶል በተኛችበት ዐረፈች። በከተማዪቱ ባለው በአርኖስ ቬል መቃብር ተቀበረች፤ በብሪስቶል ካቴድራልም የመታሰቢያ ጽሑፍ ተደረገላት። የተቃወመችው የ14 ቀን እስራት ግን እርሷ ከሞተች ከ22 ዓመት በኋላ፥ በ1899፥ ከሕጉ ተሰረዘ። የተከለችውን ዛፍ ፍሬ ሁሉ በዓይኗ አላየችም፤ ቢሆንም መትከሉን አልተወችም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የምንማረውን እናስብ። ሜሪን ይህን ሥራ እንድትሠራ ንጉሥ አላዘዛትም፤ ሹመትና ደመወዝም አልተሰጣትም። ሥራውን የጀመረችው ሌላው ሰው አይቶ ያለፈውን ልጅ ስላላለፈችው ነው። ክፉ የተባለውም ልጅ ብዙ ጊዜ በዕንቍላሉ ቀን የሚመክረው ያጣ ልጅ ነው። በሰፈራችሁ ከትምህርት ቤት የቀረ፥ ብቻውን በመንገድ የሚውል ልጅ ብታዩ፥ ከመሰደባችሁና ከመሸሻችሁ በፊት ስሙንና ቤቱን ጠይቁ፤ ለአባታችሁ፥ ለእናታችሁ ወይም ለመምህራችሁ ንገሩ፤ ፊደልም ያልቈጠረ እንደ ሆነ የተማራችሁትን አስተምሩት። ነገ በበሬው ቀን ከሚመጣው ፍርድ፥ ዛሬ በዕንቍላሉ ቀን የምትነግሩት መልካም ቃል ሊያድነው ይችላል።